ቤቴል ደግሞ ምን አለና?

መርከብ የሚቆምበት ከተማ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ነዋሪው መልስ አያጣም። ሞምባሳ የወረደ መንገደኛ «መርከቤ ማታ ይነሳል፤ እስከዚያ ምን ልይ?» ብሎ ቢጠይቅ ባለታክሲውም፣ ፍራፍሬ ሻጯም፣ የሆቴሉ ዘበኛም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ ፎርት ጂሰስ፣ ቀጥሎ አሮጌው ከተማ። ምሽጉን ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የሠሩት ነው። የሞምባሳ ሰው ጠዋት ጠዋት እየሄደ አይሳለመውም፤ ግን የት እንዳለና ምን እንደሆነ ያውቃል።

እኛ ባሕር የለንም። የነበረን እንዴት እንደሄደ የየቡና ቤቱ ጨዋታ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም። ግን ባሕር የለንም ማለት ወደብ የለንም ማለት አይደለም። ድሮ ወደባችን ለገሃር ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ጅቡቲ ከመርከብ ወርዶ ባቡር ይሳፈራል፤ ድሬዳዋ ያድራል፤ አዋሽ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ለገሃር ይደርሳል። የሠፈሩ ስም ራሱ ፈረንሳዮች ጣቢያ ከሚሉበት ቃል የመጣ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ከባሕር ማዶ የጎረፉት እንግዶችና ጋዜጠኞች የገቡት በዚሁ መንገድ ነበር።

ዛሬ ወደባችን ቦሌ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ሲመረቅ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበዛው ለኛ ብሎ የመጣ አይደለም፤ አውሮፕላን ሊቀይር ነው። አንዱ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ አንዱ ግማሽ ቀን፤ አንዱ ቀንና ሌሊት። ሆቴል ይሰጠዋል፤ ቡፌውን ይበላል፤ ይተኛል፤ ይሄዳል። በአዲስ አበባ አለፈ እንጂ አዲስ አበባን አላየም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያ ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ «ምን ልይ?» ቢለን መልስ አለን?

እኔ አልነበረኝም። እንዴት መሰላችሁ…

ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ረቡዕ ማታ እገባለሁ፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ ለዕቃ ግዢ ወደ ቻይና እበራለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ አብሮኝ የሚሠራ የዚያው አገር ሰው አለ። አዲስ አበባን አይቶ አያውቅም። ቪዛውን በኢንተርኔት አውጥቷል። አንድ ቀን ሙሉ አለን፤ ምን ላሳየው?»

መቼም በእንግዳ ተቀባይነት የሚያህለን የለም ባዮች ነን። አሰብኩ። አስቤ አስቤ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቦሌ አካባቢ አንድ አሪፍ የገበያ ማዕከል ተከፍቷል…»

እስቲ አሁን ሳንድተንን የሚያህል የገበያ ሠፈር ካለበት ከተማ ለመጣ ሰው የኛን ባለ አራት ፎቅ ማሳየት ምን ይባላል? የመንዝን ሰው ከብርድ ጋር እንደማስተዋወቅ ነው። የእህቴ ልጅ ዝም አለ። ቆይቶ «እናንተ ሠፈርስ ብናመጣው?» አለኝ።

«ቤቴል? ቤቴል ደግሞ ምን አለና!» አልኩት።

ይህችን አነጋገር ያዙልኝ። ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ሠፈር፣ ልጆቼን ያሳደግሁበትን፣ ዕድሬ ያለበትን ሠፈር በአራት ቃል ዘጋሁት። ይሉኝታ እንኳ አልያዘኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሆቴላቸው ሄድኩ። እንግዳው አምሳውን የተሻገረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቡና ቀረበ። ሰውዬው ስኳሩን እያማሰለ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኮልፌ የሚባለው ቦታ ከዚህ ይርቃል?»

ሳቄ መጣ። «ኮልፌ ምን አለህ?» አልኩት።

«ማንዴላ የሠለጠነው እዚያ አይደለም እንዴ?»

የነዋሪነት መታወቂያዬ ላይ ክፍለ ከተማ በሚለው ፊት ለፊት «ኮልፌ ቀራንዮ» ይላል። እዚህ ኪሴ ውስጥ። ያን ስም ከነታሪኩ የነገረኝ ግን ትናንት ማታ ከጆሃንስበርግ የገባ ሰው ነው። ወሬውን አልሰማሁም ልል አልችልም፤ በ2006 ዓ.ም. ማንዴላ ሲያርፉ በራዲዮ ሲወራ ጆሮዬን ነክቶኛል። ግን ነካኝ እንጂ አልገባኝም። ታሪኩ የሌላ ሰው፣ ቦታው የሌላ አገር ይመስል ነበር።

እንግዳው ግን መጽሐፉን ከአባቱ ጋር እንዳነበበ ነገረኝና ይተርክልኝ ጀመር። በ1954 ዓ.ም. ነው። ማንዴላ ከአገሩ ሾልኮ ወጥቶ በአፍሪካ ይዞራል። ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል አብራሪው ጥቁር መሆኑን ያያል። ጥቁር አውሮፕላን ሲያበርር አይቶ አያውቅምና ደነገጠ። ጥቁር እንዴት ያበርራል ብሎ ለአንድ አፍታ ፈራ። ወዲያው በራሱ አፈረ። የአፓርታይድ አስተሳሰብ እሱንም ሳያስበው ሠርቶበት ኖሯል። ለእንግዳዬ የዚያ መጽሐፍ ትልቁ ገጽ ይህ ነው። ነጻነት ከጠመንጃው በፊት የጀመረው ከዚያ ወንበር ላይ ነው አለኝ። የኛ ወደብ፣ የኛ አውሮፕላን!

በዚያው ዓመት ተመልሶ መጥቶ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሠፈር ገባ። ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ተቀበሉት። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ የእግር ጉዞ ተማረ። ስድስት ወር ሊቆይ ታስቦ ነበር፤ ከአገሩ ጥሪ መጣና ሳይጨርስ ተመለሰ። ሲሄድ ኮሎኔሉ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። አገሩ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ፤ ከዚያ እስከ የካቲት 1982 ዓ.ም. እስር ቤት ነው። ሽጉጡን ከመያዙ በፊት ሪቮኒያ በሚገኘው በሊሊስሊፍ እርሻ ቀብሮት ነበር። በኋላ ቦታው ሙዚየም ሲሆን ያን ሽጉጥ ቆፍረው ፈልገዋል፤ እስካሁን ተገኘ ሲባል አልሰማንም።

ልብ በሉ። እነሱ ከኮልፌ የሄደ አንድ ሽጉጥ ፍለጋ መሬት ይቆፍራሉ። እኛ ኮልፌን ራሷን ይዘን «ምን አለና» እንላለን።

እንግዳዬ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ማንዴላ ያኔ የሚዘዋወርበት የሽፋን ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ ነበር። «ሞትሳማዪ በሶቶ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? የሚሄድ፣ መንገደኛ ማለት ነው» አለኝ።

መንገደኛ! ቦሌ በየቀኑ በሺህ የምንቆጥረው፣ ቡፌ አብልተን የምንሸኘው መንገደኛ።

ተነሳን። የገበያ ማዕከሉ ቀረ። ራይድ ጠራንና አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ደረስን። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት አዳራሽ ነው፤ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተመልሶ ተከፍቷል። ቀጥለን ለገሃር። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ሮም ወስዶት የነበረው፣ በኋላ የተመለሰው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከጣቢያው ፊት ቆሟል። እንግዳው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረ። «ሐውልትም ይሰደዳል ለካ» አለ።

ከዚያ መርካቶ። ይህን ገበያ ጣሊያኖች ነጭና ጥቁርን ለመለየት ባወጡት ፕላን ወደ ምዕራብ የገፉት መሆኑን ስነግረው ቆም ብሎ አየኝ። ለካ ለደቡብ አፍሪካ ሰው ይህ ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ነው! የኛ ሰው የተለየበትን ሠፈር ወስዶ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ እንዳደረገው ሲሰማ ደግሞ ሳቀ። ምናለሽ ተራ ገብተን ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን፣ በርሜል ባልዲ ሲሆን እያየን አንድ ሰዓት ቆየን። ጎትቼ አወጣሁት።

ከዚያ ወደ ኮልፌ። ወደ ግቢው ለመግባት ፈቃድ አልያዝንም፤ አልጠየቅንምም። ከማዶ ቆመን አየን። ፎቶ አላነሳም። ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ፤ ያ ብቻ ነው። አጠገባችን አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፤ «ምንድን ነው የሚያየው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እኔን! እዚሁ?» አለችና ቀና ብላ እሷም አየች። በየቀኑ ፊት ለፊቱ የምትቀመጥበትን ቦታ ያየችው ያን ቀን ነው። እኔም።

ማምሻውን ቤት፣ ቤቴል ገባን። ባለቤቴ ቡና አፍልታለች፤ ሦስት ጎረቤቶች መጥተዋል። ሁለቱ መምህራን ናቸው። «ማንዴላ እዚህ ኮልፌ እንደሠለጠነ ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሦስተኛው፣ ከልቡ ነው፣ «የትኛው ማንዴላ? ጎሚስታው?» አለኝ።

ሳቅን። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ደስ አላለኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የሚታይ ነገር ማለት ለኛ ምን ማለት ሆኗል? አዲስ የሆነ፣ የታጠረ፣ ትኬት ያለው፣ ሪባን የተቆረጠለት። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ በ2013 እንጦጦ ፓርክ፤ በ2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ሄጃለሁ፤ አይቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። የእግረኛ መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲበራ የሚከፋው ካለ እኔ አይደለሁም። ሙግቴ ሌላ ነው። ከተማ ማለት የተመረቀው ብቻ አይደለም። ሪባን ያልተቆረጠለት ሁሉ የሌለ ከመሰለን፣ እንግዳውን የምናሳየው ራሳችንን ሳይሆን የለበስነውን አዲስ ልብስ ነው። እንግዳ ደግሞ አዲስ ልብስ አገሩ ሞልቶታል።

«ታዲያ ድህነታችንን ልናስጎበኝ ነው?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ በመኪና መስኮት ልጆችን ፎቶ እያነሱ ማለፍ ጉብኝት አይደለም፤ ነውር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ካሜራ ይዞ የሄደውን ሁሉ አልረሳውም፤ እዚያ የሚኬደው ለማየት ሳይሆን ለማሰብ ነው። ግን ድህነትንና ታሪክን አንድ ላይ ጠቅልለን መደበቅም ሌላ ነውር ነው። ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ ዘነበወርቅ አለ። በንጉሡ ልጅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት የነበረበት፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለመላው አፍሪካ ሐኪም እንዲያሠለጥን አለርት የተመሠረተበት ቦታ ነው። ሰው ሁሉ የሸሻቸው ሕሙማን የጠለፉት ጥልፍ እዚያ እየተሸጠ ኖሯል። ይህ ድህነት ነው? ለኔ ከብዙ ፏፏቴ የበለጠ የሚያኮራ ነው። እኛ ግን «ዘነበወርቅ» ስንባል አፍንጫችንን ነፋ አድርገን እናልፋለን።

«ቱሪስት ሲበዛስ?» የሚልም አለ። ይህም እውነት አለው። በ2016 ዓ.ም. የባርሴሎና ሰዎች ከተማችን ጠበበን ብለው ቱሪስቱን በውኃ ሽጉጥ ረጭተውታል። እኛ ግን እዚያ ችግር ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ጣሳ ውኃ ይቀረናል። ደግሞም እኔ ስለ ዶላሩ አይደለም የምሟገተው። ዶላሩ ቢመጣ አልጠላም፤ ባይመጣም ሙግቴ አይወድቅም።

የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አንዱ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ሰው አለቀሰ። ማፍረሱ ልክ ነው የሚለውም፣ ስህተት ነው የሚለውም የሚናገረው ነበረው። የትኛው ቤት የማን እንደነበር፣ የት ኬክ እንደተበላ፣ የት ፊልም እንደታየ እየጠቀሰ ተከራከረ። ለምን? ስለሚያውቀው ነው። ፒያሳ አልቃሽ ነበራት። ለመሆኑ ነገ የኮልፌ አንድ ግቢ፣ የዘነበወርቅ አንድ አሮጌ ቤት፣ የመርካቶ አንድ ተራ ቢነሳ ማን ይከራከራል? ይቅር የሚለውም ይፍረስ የሚለውም ስለ ምን እንደሚያወራ አያውቅም። አልቃሽም ተከራካሪም የሌለው ነገር ደግሞ በጸጥታ ይሄዳል። እዚህ ከተማ ብዙ ነገር የሚጠፋው ጠላት ስለበዛበት ሳይሆን የሚያውቀው ስላጣ ነው።

በዚህ ደግሞ መንግሥትን ብቻ አልወቅስም። መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ማኪያቶ ይዞም ይቻላል። የኔን ልጅ ኮልፌ ወስዶ ማሳየት የነበረበት ሚኒስቴር አይደለም፤ እኔ ነኝ። የሠፈራችን ልጆች ማንዴላን ያውቁታል፤ ፈተና ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ ሲመጣ ያከብቡታል። የታክሲ መንገድ ያህል እንኳ የማይርቅ ጎረቤታቸው እንደነበር ግን የነገራቸው የለም። የዕድራችን ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ሁለት ሰዓት እንከራከራለን፤ ከኛ መሐል ይህን ሠፈር ከመንደርነቱ ጀምሮ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰምተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን «እስቲ እርስዎ ይንገሩን» ብለን አናውቅም። ሲሞቱ ግን ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ሠፈር ለአንድ መንገደኛ የሚሆን የአንድ ቀን መልስ ይኑረው። ትምህርት ቤቶቻችን ለሽርሽር ሩቅ ከመሄዳቸው በፊት የራሳቸውን ወረዳ በእግር ያዙሩ። ከቦሌ ሰው የሚያመላልሱ ሹፌሮች «የት ልውሰድህ?» ከማለት አልፈው «ይህንን አይተሃል?» ማለት ይልመዱ። አንድ ግድግዳ ላይ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ይለጠፍ፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በእንግሊዝኛም። በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴት ታንብበው። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ለእሷ ነው።

እንግዳዬን ማታ ቦሌ ሸኘሁት። በመንገድ ላይ የታክሲ ረዳቶቹ የሚጠሩትን ሁሉ ትርጉሙን እንድነግረው ይጠይቀኝ ነበር። ጦር ኃይሎች። አየር ጤና። ዓለም ባንክ። («ዓለም ባንክ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲደነግጥ በባንኩ ብድር ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ስም ነው ብዬ አረጋጋሁት።) በመጨረሻ «ቤቴልስ?» አለኝ።

«ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው» አልኩት።

«አውቀዋለሁ፤ ያዕቆብ የተኛበት» አለኝና ዝም አለ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ያዕቆብም መንገደኛ ነበር፤ ከቤቱ ሸሽቶ ወደ ሩቅ አገር የሚያልፍ። ድንጋይ ተንተርሶ አንድ ሌሊት አደረ። ሲነቃ የደነገጠው በሌላ አይደለም፤ በዚያ ቦታ ያለውን እስከዚያ ድረስ ባለማወቁ ነው። ቦታውን ቤቴል ያለውም ያኔ ነው።

እሱ ለማወቅ አንድ ሌሊት በቃው። እኔ ሃያ ዓመት አደርኩበት፤ ያውም በፍራሽ ላይ፤ የቀሰቀሰኝም ሌላ መንገደኛ ነው።